ከሊፍቱ የወጣው ሰውዬ፦ የከፍተኛ 9 ሊቀመንበር ኬዝ አትላንታ ላይ

ይሄን ኬዝ መጀመሪያ የሰማሁት አንድ ሎየር ቢሮ ላስተረጉም ሄጄ ተራ ስጠብቅ ነው፣ አጠገቤ የተቀመጡ አንድ አባት "አንቺ ልጅ፣ አትላንታ ላይ ገራፊዋን ሻንጣ ተሸካሚ ሆኖ ያገኘችውን ሴትዮ ታሪክ አታውቂም?" አሉኝ። አላውቅም ነበር። ማታ እቤት ገብቼ የፍርድ ቤቱን ውሳኔ ፈልጌ አነበብኩት፣ እንቅልፍም አልወሰደኝ። ከዛ ወዲህ የአሳይለም (የጥገኝነት) ኬዝ ባስተረጎምኩ ቁጥር ትዝ ስለሚለኝ ከነሕጎቹ አንድ ቦታ ልጻፈው ብዬ ነው። ቀኖቹ በፈረንጅ ናቸው፣ ዓ.ም. ያልኩበት ብቻ የኛ ነው።

የሦስቱ ሴቶች ስም መዝገቡ ላይ አለ፣ ራሳቸውም በአደባባይ ተናግረዋል፣ እኔ ግን እዚህ በሚኖሩበት ከተማ ልጥራቸው፤ የአትላንታዋ፣ የሎስ አንጀለሷ፣ የኦታዋዋ። የሰውዬውን ስም ግን የምሸፍንበት ምክንያት የለኝም። ቀልቤሳ ነገዎ ይባላል።

1989 ነው። የአትላንታዋ ኮሎኒ ስኩዌር በሚባል ሆቴል አስተናጋጅ ነች። ስደተኛ ነች፣ ሥራዋ ላይ ነች፣ እንደማንኛችንም ቢል የምትከፍል ሰው። አንድ ቀን እዛው ሆቴል ውስጥ ሊፍት ተከፈተና የሆቴሉን ዩኒፎርም የለበሰ አንድ ሻንጣ ተሸካሚ ወጣ። አየችው፣ አወቀችው። ከ11 ዓመት በፊት ከፍተኛ 9 እስር ቤት ውስጥ ስትገረፍ ከፊቷ የነበረው ሰውዬ፣ የከፍተኛው ሊቀመንበር፣ እንደሷ የዛው ሆቴል ሠራተኛ ሆኖ ደሞዝ ይበላል። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም የሚሉት እንዲህ ሲሆን ነው መሰለኝ።

ከፍተኛ ምን እንደሆነ ለማያውቅ ልጅ ላስረዳ። በደርግ ጊዜ አዲስ አበባ በቀበሌ ተከፋፍላ ነበር፣ ቀበሌዎቹ ተሰብስበው ደግሞ ከፍተኛ ይባላሉ። ሚያዝያ 1969 ዓ.ም. መንግሥቱ አብዮት አደባባይ ላይ ደም የመሰለ ነገር የተሞላ ጠርሙስ ከፈነከተ በኋላ ቀበሌውና ከፍተኛው የመታወቂያና የስኳር ራሽን ቢሮ ብቻ አልነበረም፣ የራሱ እስር ቤት፣ የራሱ አብዮት ጠባቂ፣ የራሱ መርማሪ ነበረው፣ ልጅ ከቤቷ ወጥታ ሳትመለስ ስትቀር እናት የምትሮጠው ወደ ፖሊስ ጣቢያ ሳይሆን ወደዛ ነው። ሊቀመንበሩ ማለት ደግሞ በዛ ግቢ ውስጥ ከሱ በላይ የሚጠራ ስም የለም ማለት ነው።

ሦስቱም በዚህ ሰውዬ እጅ ያለፉት በዛ ሰሞን ነው። የኦታዋዋና የአትላንታዋ የታሰሩት በ1970 ዓ.ም. ነው። መዝገቡ የሚለው አጭር ነው፤ ልብሳችሁን አውልቁ ተባሉ፣ እጅና እግራቸው ተጠፈረ፣ ተገረፉ፣ የአትላንታዋ እንጨት ላይ ተሰቅላ ነው የተገረፈችው፣ ሕመሙ እንዲብስ ቁስሏ ላይ ውሃ ተደፋበት፣ ጥያቄው ኢሕአፓ ነሽ አይደለሽም ነው። ሰውዬው ቢሮው ቁጭ ብሎ ትእዛዝ ብቻ የሚያስተላልፍ አልነበረም፣ ምርመራው ላይ ራሱ ነበረ። የሎስ አንጀለሷ ይሄ ሁሉ ሳያንሳት ታናሽ እህቷንም አብራ ታስራ ነው ያጣቻት፣ ልጅቷን ከእስር ቤቱ ወሰዷት፣ በቃ፣ ወጥታ ቀረች።

እንግሊዝኛው ውሳኔ "እንጨት ላይ ተሰቅላ" ብሎ የሚያልፈው ነገር እኛ ጋ ስም አለው፣ ወፌ ላላ። እጅ ከጉልበት ጋር ታስሮ፣ መሀሉ ላይ እንጨት ገብቶ፣ የታሰረው ሰው ተገልብጦ ውስጥ እግሩ ወደ ላይ ሲሆን ማለት ነው። ለዚህ ስም ማውጣታችን በራሱ ምን ያህል እንደተለመደ ይናገራል።

እንግዲህ የአትላንታዋ አየችው። ቀጥሎስ? ፖሊስ ልትጠራ? ጠርታስ ምን ልትል? በዛን ጊዜ አሜሪካ ውስጥ ውጭ አገር ሰው ቶርቸር ያደረገን ሰው በወንጀል የሚከስ ሕግ አልነበረም። የመጣው በ1994 ነው፣ ሲመጣም ወደ ኋላ አይሄድም፣ የ1970 ዓ.ም. ነገር አይነካውም። ኢሚግሬሽን ደግሞ ሰውዬውን በ1987 መጥቶ ጥገኝነት የጠየቀ ስደተኛ ነው ብሎ ተቀብሎታል። እንደሷ ማለት ነው፣ ወረቀት ላይ ሁለቱም የደርግ ሰለባ ናቸው!

ያደረገችው ነገር ስልክ ማንሳት ነው። ሌሎቹ ሁለቱ ሎስ አንጀለስና ካናዳ ነበሩ። የኦታዋዋ መጥታ በዓይኗ አየችው፣ እሱ ነው አለች። እኔ ይሄን ኬዝ ሳስበው ትልቁ ጉዳይ እዚህ ጋ ነው የሚታየኝ፣ የምርመራውን ሥራ የሠራው ኤፍቢአይ አይደለም፣ ኢሚግሬሽንም አይደለም፣ አንዲት አስተናጋጅና ሁለት ጓደኞቿ ናቸው፣ ትኬት ቆርጠው፣ ከሥራ ፈቃድ ጠይቀው።

በነጻ የሚቆሙ የሰብአዊ መብት ጠበቆች ተገኙና በ1990 መስከረም ላይ ክሱ አትላንታ ፌዴራል ፍርድ ቤት ገባ። የተጠቀሙበት ሕግ እኮ የሚገርም ነው፣ የ1789 ሕግ ነው፣ አሜሪካ አገር ከሆነች ገና ጥቂት ዓመቷ እያለ የወጣ፣ አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ። የውጭ ዜጋ የሆነ ሰው ዓለም አቀፍ ሕግን የጣሰ በደል ከደረሰበት ካሳ ለመጠየቅ ፌዴራል ፍርድ ቤት መምጣት ይችላል ይላል፣ ያን ጊዜ ያሰቡት ስለ ባሕር ወንበዴና ስለ አምባሳደር ነበር። ሕጉ ሁለት መቶ ዓመት ሊሞላው ትንሽ ሲቀረው አቧራ የተራገፈለት በ1980 ነው፣ ፓራጓይ ውስጥ ልጃቸው በቶርቸር የተገደለባቸው ቤተሰቦች ያን ያደረገውን ፖሊስ ብሩክሊን አገኙትና ከሰሱት፣ የኒውዮርኩ ይግባኝ ፍርድ ቤትም ቶርቸር አድራጊ እንደ ጥንቱ የባሕር ወንበዴ የሰው ዘር ሁሉ ጠላት ነው አለ። ሦስቱ ሴቶች በዛ በር ነው የገቡት።

በ1993 ችሎት ቀረቡ። ሰውዬው ጠበቃ አልያዘም፣ ራሱ ነው የተከራከረው፣ አላደረግኩም አለ። እስቲ ይሄን በዓይነ ሕሊናችሁ ሳሉት፣ ያ "ኢሕአፓ ነሽ?" ሲልሽ የነበረ ሰውዬ ዛሬም ከፊትሽ ቆሟል፣ ግን አሁን መሀላችሁ ዳኛ አለ፣ ስትናገሪ ጸሐፊ ይጽፋል፣ መልስሽ ካላማረው ሊያስገርፍሽ አይችልም። አያቶቻችን በላ ልበልሃ የሚሉት ሙግት ለነሱ ከስንት ዘመን በኋላ፣ ከስንት ባሕር ማዶ ደረሳቸው።

ዳኛ ቲድዌል ነሐሴ 1993 ላይ ፈረደ። ለእያንዳንዳቸው 200 ሺህ ዶላር ካሳ፣ 300 ሺህ ዶላር ደግሞ መቀጫ፣ በሦስቱ ሲደመር 1.5 ሚሊዮን። ገንዘቡን ከየት ነው የሚያመጣው ካላችሁ፣ ሻንጣ ተሸካሚ ነው፣ ከየትም አያመጣም። እነሱም ይሄን ያውቁ ነበር። ያገኙት ወረቀት ነው፤ ይሄ ሰውዬ ይሄን አድርጓል የሚል፣ የዳኛ ፊርማ ያለበት። እንደኔ ግን ያ ወረቀት ቀላል ነገር አይደለም፣ ምክንያቱም በኋላ የመጣው ሁሉ እሱ ላይ ነው የቆመው።

አሁን ደግሞ ጉዱን ስሙ። በ1995፣ ማለትም ፍርዱ ከተሰጠ ሁለት ዓመት በኋላ፣ ኢሚግሬሽን ሰውዬውን የአሜሪካ ዜጋ አደረገው። አዎ፣ ሲትዝን። እጅ አውጥቶ ማለ።

እንዴት ሆነ? ከ1980 ጀምሮ ያለው የስደተኛ ሕግ በግልጽ ይላል፣ ሌላውን ሰው በፖለቲካው፣ በዘሩ፣ በሃይማኖቱ ያሳደደ ስደተኛ መባል አይችልም። ስለዚህ ሕግ አልጠፋም። የጠፋው ሕጉንና ሰውዬውን የሚያገናኝ ሰው ነው። ፎርሙ ላይ ሰው አሳደህ ታውቃለህ ወይ የሚል ጥያቄ አለ፣ አላውቅም ብሎ መመለስ ነው፣ በቃ። በዛው አገር ፌዴራል ዳኛ አድርጓል ብሎ የጻፈውን ሌላው ቢሮ አላነበበውም። እኔ የማስተረጉምላቸው ልጆች ደግሞ የታሰሩበት ቀን ማክሰኞ ይሁን ረቡዕ ሦስቴ አራቴ ይጠየቃሉ፣ አንዴ ከተሳሳቱ ውሸታም ናቸው። አንዳንዴ ንድድ ይለኛል።

ይግባኙ ጥር 1996 ላይ ተወሰነ፣ ሴቶቹ ረቱ፣ በዛው ዓመት ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም አላየውም አለ፣ ጸና። የይግባኝ ዳኞቹ ለውሳኔያቸው ድጋፍ ያደረጉት በመሀል በ1992 የወጣውን የቶርቸር ሰለባዎች መጠበቂያ ሕግ ነው፣ ትልቁ ቡሽ የፈረመው። እሱ ሕግ ከ1789ኙ የሚለየው ቶርቸርን በስሙ መጥራቱና የአሜሪካ ዜጋ ለሆነ ተጎጂም መሥራቱ ነው፣ ግን ገመድም አለው፣ ክሱ በ10 ዓመት ውስጥ መቅረብ አለበት፣ አገርህ ውስጥ ሊሠራ የሚችል ፍርድ ቤት ካለ ደግሞ መጀመሪያ እዛ ሞክር ይላል። አስቡት፣ በ1970 ዓ.ም. የተገረፈች ልጅ በደርግ ዘመን የትኛው ፍርድ ቤት ትሂድ? ዳኞች ይሄን አይተው የጊዜውን ቆጠራ ያቆሙበት ኬዝ አለ፣ ግን ያንን ማስረዳት የከሳሹ ሥራ ነው።

እስካሁን ያወራሁት ስለ ክስ ነው። ሕክምናውስ? ሌሊት የምትባንን፣ ሊፍት ሲከፈት የምትደነግጥ ሴት ማን ያያታል? በ1989 እንደዚህ ዓይነት ሰው ብቻ የሚያክም ማእከል በጣት የሚቆጠር ነበር፣ አሜሪካ ውስጥ የመጀመሪያው ሚኒሶታ ላይ በ1985 ነው የተከፈተው፣ ያውም የግዛቱ ገዢ ልጅ አባቱን ስለ ቶርቸር ምን እየሠራህ ነው ብሎ ስለጠየቀው ነው ይባላል። ፌዴራል መንግሥቱ ለዚህ ሥራ የራሱ ሕግ ያወጣው በ1998 ነው፣ የቶርቸር ተጎጂዎች መርጃ ሕግ፣ ክሊንተን ጥቅምት 30 ፈረመው። ሊፍቱ ከተከፈተ 9 ዓመት በኋላ።

ይሄን ሕግ ብዙ ሐበሻ አያውቀውም፣ ለኛ ሰው ግን ከሁሉም በላይ የሚጠቅመው እሱ ነው፣ ስለዚህ ትንሽ ልቆይበት። ሦስት ቦታ ነው ገንዘብ የፈቀደው፤ አሜሪካ ውስጥ ላሉ ማእከሎች ለመጀመሪያው ዓመት 5 ሚሊዮን ለሁለተኛው 7.5 ሚሊዮን ዶላር፣ ውጭ አገር ላሉ ማእከሎችም እንዲሁ ያንኑ ያህል፣ የተባበሩት መንግሥታት ለቶርቸር ተጎጂዎች ለሚያሰባስበው ፈንድ ደግሞ በዓመት 3 ሚሊዮን። ከዛ በኋላ ሁለት ሦስቴ ታድሷል። ፈቀደ ማለት ግን ሰጠ ማለት አይደለም፣ ኮንግረስ መጀመሪያ እስከዚህ ድረስ መስጠት ይቻላል ይላል፣ ከዛ በየዓመቱ በጀት ሲያወጣ ደግሞ ምን ያህል ከኪሱ እንደሚያወጣ ለብቻው ይወስናል፣ እንደ ሠርግ ቤት ቃል ነው፣ ሲነበብ ሌላ ሲሰበሰብ ሌላ።

በዚህ ገንዘብ የሚሠሩ ማእከሎች ሳይኮሎጂስት፣ ሶሻል ወርከር፣ አንዳንዴ ሐኪም፣ ብዙ ጊዜ ከነጻ ሎየር ጋር የሚያገናኝ ሰው አላቸው። ዋናው ነገር ወረቀት አይጠይቁም፣ አሳይለምሽ ገና ፔንዲንግ ቢሆንም፣ ምንም ባይኖርሽም ይቀበሉሻል፣ መስፈርቱ ውጭ አገር በመንግሥት ሰው ወይም በመንግሥት ሥልጣን ስም ቶርቸር የተደረገ መሆን ነው። ዋሽንግተን ዲሲ ላይ ሲስተር ዳያና ኦርቲዝ፣ ጓቲማላ ውስጥ ራሷ ቶርቸር የተደረገች አሜሪካዊት መነኩሲት፣ በ1998 ያቋቋመችው የተጎጂዎች ማኅበር አለ፣ እዛ ከሚመጡት ብዙዎቹ ኢትዮጵያውያን ናቸው። ሚኒሶታ ያልኩት ማእከል ደግሞ እኛው አገር ድረስ ሄዶ ትግራይ ውስጥ ማይ ዐይኒና ዓዲ ሓሩሽ መጠለያ ለነበሩ ኤርትራውያን ስደተኞች ሠርቷል፣ ስለዚህ ነገሩ የአሜሪካ ብቻ አይደለም።

ከሕጉ ውስጥ እኔን እንደ አስተርጓሚ ያስደነገጠኝ ግን ስለ ሥልጠና የሚያወራው አንቀጽ ነው። ቶርቸር የተደረገ ሰው አእምሮውና ሰውነቱ ኢንተርቪው ላይ ምን እንደሚያደርገው አስተምሩ፣ ድጋሚ ሳታቆስሉት እንዴት እንደሚጠየቅ አስተምሩ፣ መናገር ለምን እንደሚከብደው አስተምሩ፣ የተደፈሩ ሴቶችንና ወንዶችን እንዴት እንደምትቀርቡ አስተምሩ ይላል። ሕጉን የጻፈው ሰው የሆነ ጊዜ ጥግ ላይ ቁጭ ብሎ እኛን ያየ ነው የመሰለኝ። ግን አንቀጹ የተጻፈው ለስቴት ዲፓርትመንት ሰዎች፣ ኤምባሲ ውስጥ ለሚሠሩት ነው። የኛ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚቀመጠው አሳይለም ኦፊሰር ወይም የኢሚግሬሽን ዳኛ ፊት ነው።

ለምን እንደሚያስፈልግ በአንድ ኢንተርቪው ልንገራችሁ፣ ማንነቷ እንዳይታወቅ አገሯንም ዘመኑንም ቀይሬ አይደለም፣ በቃ አልናገርም። ሳይኮሎጂስቷ ፈረንጅ ናት፣ "እንዴት ነሽ?" አለቻት። ልጅቷ "እግዚአብሔር ይመስገን፣ በጣም ደህና ነኝ" አለች። እኔ የተባለውን ነው የምተረጉመው፣ ተረጎምኩ፣ ሳይኮሎጂስቷ ጻፈች። ልጅቷ ግን ይሄን ስትል በሁለት እጇ የነጠላዋን ጥለት እየጠቀለለች እየፈታች ነው፣ ጥለቱ ክሩ ወጥቷል፣ ለካ በየቀኑ ነው የምታደርገው። ቀጥላ "እስር ቤት ምን አደረጉሽ?" ተባለች፣ "ትንሽ መቱኝ" አለች። "ሌላስ?" "ሌላ... ክብሬን ነኩኝ" አለችና ወደኔ ዞራ "አንቺ እህቴ፣ እንደው በደህና አድርገሽ ንገሪልኝ" አለችኝ። በደህና አድርጌ ምን ብዬ? ክብሬን ነኩኝ ማለት የኛ ሰው ሰምቶ ዝም የሚልበት ቃል ነው፣ በቀጥታ ከተረጎምኩት ሰደቡኝ ይመስላል፣ ፍቺውን ከጨመርኩ ደግሞ ሥራዬ አይደለም። ማስረዳት ይቻላል ወይ ብዬ ፈቃድ ጠየቅኩ፣ ደግነቱ ሴትየዋ ልምድ ስላላት ገባት፣ ወረቀቱን ገልብጣ አስቀመጠችና ሻይ ትጠጪ እንደሆን አለቻት። አሳይለም ኦፊሰር ፊት ቢሆን ኖሮ "ትንሽ መቱኝ፣ ሰደቡኝ፣ በጣም ደህና ነኝ" ተብሎ ፋይሉ ይዘጋ ነበር።

የቀኑ ነገር ሌላ ጣጣ ነው። ሰባት ስምንት ዓመት የሚለያይ ካላንደር ይዘን፣ ቀኑን ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ብለን የምንቆጥር ሰዎች "በ2010፣ ማታ ሦስት ሰዓት ወሰዱኝ" ስንል ኦፊሰሩ በራሱ አቆጣጠር ይሰማዋል፣ ከዛ ሐኪም ወረቀት ላይ ያለው ቀን አይገጥምም፣ ከዛ ታማኝነት የላትም ይባላል። ከ1996ቱ ሕግ በኋላ ደግሞ አሳይለም አገር ከገባሽ በአንድ ዓመት ውስጥ መግባት አለበት፣ ቶርቸር የተደረገ ሰው ደግሞ የመጀመሪያውን ዓመት ብዙ ጊዜ ቤት ዘግቶ ነው የሚያሳልፈው። ደንቡ ለዚህ ቀዳዳ ትቷል፣ የደረሰው በደል ያመጣው የአእምሮ ወይም የአካል ጉዳት ካዘገየሽ ልዩ ምክንያት ሊሆን ይችላል፣ ግን ያንን የሚመሰክር የባለሙያ ወረቀት ያስፈልጋል፣ ወረቀቱ ደግሞ የሚጻፈው እነዚህ ማእከሎች ጋ ነው። ስለዚህ ለሎየር ብቻ ብራችሁን አትጨርሱ፣ ማእከሉ ጋ ደውሉ፣ ወረፋው ረጅም ቢሆንም ደውሉ።

ወደ ሰውዬው ልመለስ። ሲትዝን ሆኖ አትላንታ አካባቢ ሲኖር፣ መንግሥት የነቃው በ2001 ነው፣ ዜግነቱን ያገኘው ዋሽቶ ነው ብሎ ከሰሰው። በ2002 አዲስ አበባ ላይ ፍርድ ቤቱ በሌለበት የዕድሜ ልክ እስራት ፈረደበት። ጥቅምት 2004 ላይ ዜግነቱን ለመተው ተስማማ። አሁንም ግን ከአገር ለማስወጣት ጠበቅ ያለ ሕግ አልነበረም፣ የሚመጣው በዛው ዓመት ታኅሣሥ ላይ ነው፣ ሴናተር ሌይሂ ለዓመታት ሲወተውት የነበረው ሐሳብ ከሴፕቴምበር 11 በኋላ በወጣው ትልቁ የስለላ ማሻሻያ ሕግ ሆድ ውስጥ ገብቶ አለፈ፤ ውጭ አገር ቶርቸር ያደረገ ወይም ያለ ፍርድ የገደለ የውጭ ዜጋ አይገባም፣ ከገባም ይባረራል፣ ድርጊቱ መቼም ይፈጸም መቼ። ይሄኛው ወደ ኋላ ይሄዳል። ሕጉ ከተፈረመ ሦስት ሳምንት እንኳን ሳይሞላው፣ ጥር 2005 መጀመሪያ ላይ፣ ሰውዬው ተያዘ፣ በዚህ ሕግ የተያዘ የመጀመሪያው ሰው እሱ ነው። ጥቅምት 2006 ላይ ዲፖርት ተደርጎ አዲስ አበባ ገባ፣ የዕድሜ ልክ ፍርዱን ሊፈጽም።

ከሊፍቱ እስከ አውሮፕላኑ 17 ዓመት። በዚህ መሀል የሠሩትን ሕጎች ቁጠሩ፣ የ1789፣ የ1980፣ የ1992፣ የ2004፣ አንዱ ካሳ ነው፣ አንዱ ጥገኝነት ነው፣ አንዱ ማባረር ነው፣ የ1998ቱ ደግሞ ሕክምና። አንዳቸው ሌላውን አያውቁም። ሴቶቹ ናቸው በእግራቸው እየሄዱ አንዱን ከአንዱ የሰፉት።

ደግሞ አንድ ነገር ልብ በሉ፣ አሜሪካ ውስጥ ይሄን ሰውዬ ለግርፋቱ በወንጀል የከሰሰው የለም። ከዜግነቱ የነቀሉት ለውሸቱ ነው። በኋላም ኮሎራዶ ላይ በ2011 እንዲሁ አንድ የቀድሞ እስረኛ በሐበሻ ካፌ ውስጥ የከፍተኛ 15 እስር ቤት ጠባቂ የነበረውን ሰው አወቀው፣ ከፈለኝ ዓለሙ ወርቁ፣ በሌላ ሰው ስም የገባ፣ በ2014 ላይ 22 ዓመት ተፈረደበት፣ እሱም በዜግነት ማጭበርበርና በሐሰት ማንነት ነው። አውሮፓ ይሻላል፣ ቢያንስ በዚህ በኩል፤ ሆላንድ የደርግ ባለሥልጣን የነበረውን እሸቱ ዓለሙን በጎጃም ደብረ ማርቆስ ለተደረገው ነገር ራሱ በጦር ወንጀል ከሶ በ2017 ዕድሜ ልክ ፈርዶበታል። ስሙን በትክክል ጠርቶ መክሰስና ፎርም ላይ ዋሸህ ብሎ መክሰስ ለተገረፈው ሰው አንድ አይደለም፣ የእስሩ ዓመት እኩል ቢሆን እንኳን።

ዛሬ ያ የአትላንታ ኬዝ አዲስ ሆኖ ቢገባ በ1789ኙ ሕግ ያልፋል ብዬ አላምንም። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2013 ላይ ሕጉ ውጭ አገር የተፈጸመን ነገር አይመለከትም ብሎ በሩን ገርበብ አድርጎታል፣ የቀረው የ1992ቱ ነው፣ ከነ10 ዓመቱ። ስለዚህ አሁን ቶሎ መናገር ጥቅም አለው፣ ግን ቶሎ ተናገሪ ማለት ለኔ ቀላል ነው።

ባለፈው ክረምት አንዲት ሴትዮ አስተርጉሜላት ስንወጣ መኪና ማቆሚያው ላይ ያዘችኝ። ሐበሻ ግሮሰሪ በርበሬ ልትገዛ ገብታ ካሸሩ ጋ አንድ ሰው አየች፣ ከኋላው ነው፣ ድምፁን ነው የሰማችው፣ "ዝርዝር የለሽም?" ሲል። በርበሬውን መደርደሪያው ላይ ትታ ወጣች። "እሱ ነው አይደለም አላውቅም፣ ብሳሳትስ? የሰው ስም ማጥፋት ነውር ነው" ትለኛለች። እኔ ሕግ ምክር መስጠት አልችልም፣ ከሎየርሽ ጋር ተማከሪ አልኳት፣ ያው የምንለውን። ከዛ ግን የአትላንታዋን ነገርኳት፣ እሷም ብቻዋን እንዳልወሰነች፣ ሁለተኛ ዓይን እንደጠራች። እዛ እስር ቤት አብሮሽ የነበረ ሰው አለ ወይ አልኳት። እህቷ አለች፣ ሲያትል። ስልኩን አውጥታ ስሟን አየችውና መልሳ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። አሁንም አልደወለችላትም።